ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼ ማደሬ ነው ባትሪዬን የበላው?

የጦሳ_ልጅ | ደሴ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ያገሬ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ስልኬ ገና 1 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ባትሪው 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። አዲስ እያለ ጠዋት 100 ሆኖ ይወጣል፣ ማታ ስገባ 40 ይተርፈው ነበር። አሁን ቀን 9 ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል። ትናንት ፒያሳ ቁጭ ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ሳወራ፣ 34 እያለ ድርግም አለ። ቤት ገብቼ ሰክቼ ስከፍተው 29 ይለኛል። ያ ሁሉ የት ነበር?

የገዛሁበት ሱቅ ልጅ «ሌሊት ሰክተህ ስለምታድር ነው» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ቪዲዮ ነው የበላው» ባይ ናት። እውነት ሰክቶ ማደር ባትሪ ይገድላል? ሥራ ቦታዬ ሶኬት የለም። ማታ ካልሰካሁ መቼ ልሰካ? መብራቱም እንደምታውቁት ሲያሻው ነው የሚመጣው። ባለበት ሰዓት እስከ አንገቱ ካልሞላሁት ነገ ባዶ እጄን ነኝ።

ባቲ_ሰኞ | ባቲ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

አብሽር ወንድሜ። ድክምክም ብሎ እስኪዘጋ ጨርሰው። ከዚያ 8 ሰዓት ሙሉ ሰክተህ ተወው። ሦስት ቀን እንዲህ አድርግ፣ ባትሪው ይነቃል። እኔ ኖኪያዬን እንደዚህ እያደረግሁ 6 ዓመት ይዤዋለሁ ወላሂ።

ጠጋኙ | ኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ባቲ ሰኞ፣ ኖኪያህ ይህ ሁሉ ሲደረግበትም የኖረው በራሱ ጥንካሬ ነው።

የጦሳ ልጅ፣ እኔ የሞባይል ጥገና ነው ሥራዬ። ስልክ 100 ሲደርስ መቀበል ያቆማል። እንደ ጀሪካን ሞልቶ አይፈስም፤ ውስጡ የሚቆጣጠር ቺፕ አለ። ስለዚህ መሰካቱ ብቻውን አይገድለውም። የሚያስረጀው ሙቀት ነው። 100 ላይ ሆኖ ለብዙ ሰዓት መቆየትም ያስረጀዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጉዱ።

34 ላይ መዝጋቱ ደግሞ ባትሪው መድከሙን ነው የሚነግርህ። ያ ቁጥር ግምት ነው እንጂ በሊትር የተለካ አይደለም። የደከመ ባትሪ ከባድ ሥራ ሲመጣበት ቮልቴጁ ዘጭ ይላል። ስልኩ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል። ጨርሶ ዘግቶ እንደገና መሙላት ግምቱን ሊያስተካክል ይችላል፣ እሱም አልፎ አልፎ። ባትሪውን ግን አያድስም። እንዲያውም ዜሮ ላይ ማቆየት ይጎዳዋል።

አንድ ጥያቄ፦ ቻርጀርህ ከስልኩ ጋር የመጣው ነው ወይስ ከመንገድ የገዛኸው?

መምህሩ | ወልድያ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡37

ጠጋኙ ልክ ብሏል። ግን የባቲው ወንድማችን ያነሳውም ከባዶ የመጣ አይደለም። ዱሮ ኒኬል ካድሚየም የሚባል ባትሪ ነበር። ግማሽ ላይ እያለ ደጋግመህ ከሰካኸው ግማሹን ብቻ ያስታውሳል፣ ሌላውን ይረሳል። ጨርሶ መሙላት የሚባለው ምክር ለሱ ነበር። አሁን ኪሳችን ውስጥ ያለው ሊቲየም አየን ነው፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያወጣው ዘር። ይህኛው ትዝታ የለውም። (ከባቲ ሆነህ ትዝታ መዝፈንህ ግን ደስ ብሎኛል።)

ውስጡ እንዲህ ነው። በአንድ ወገን ግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር) አለ። ቻርጅ ስታደርግ ሊቲየሙ ወደዚያ ይገባል፣ ስትጠቀምበት ወደ ሌላኛው ወገን ይመለሳል። መሃል ላይ ፈሳሽ አለ። ያ ፈሳሽ ሙቀት ሲበዛበት ይበላሻል። ግራፋይቱም ላይ ስስ ሽፋን ይደርባል፣ ጀበና ውስጡ እንደሚለብሰው። ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር ሊቲየም ይበላል። የበላውን አይመልስም። ባትሪ ሲሞላ ቮልቴጁ 4.2 ይደርሳል፣ አዳዲሶቹ ከዚያም ያልፋሉ። እዚያ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲሞቅ ደግሞ ጥፋቱ ይፈጥናል።

ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር የማነሳት አንዲት ነገር አለች። ለዚህ ባትሪ ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። አንዱ ጆን ጉድኢናፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር። ተማሪዎቼ «ሰውየው ከባትሪያቸው በለጡ» ይላሉ።

እታለም_ሐይቅ | ሐይቅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ኬሚስትሪው ጥሩ ነው መምህር፣ ያቆይልን። ግን ልጁን ማንም አልጠየቀው። የጦሳ ልጅ፣ ስልክህን የት አስቀምጠህ ነው ሰክተህ የምትተኛው? ከቨር አለው? ስትነካው ይሞቃል?

የጦሳ_ልጅ | ደሴ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ትራስ ስር ነው እቴ። አላርሙን እንድሰማ። የደሴን ብርድ ታውቂው የለ፣ እስከ ጆሮዬ ተሸፋፍኜ ነው የምተኛው። ከቨሩ ወፍራም የሚከደን ቆዳ ነው። እንቅልፍ እስኪወስደኝም እንደተሰካ ቪዲዮ አያለሁ። ጠዋት ሳወጣው ከምድጃ የወጣ ዳቦ ይመስላል።

ቻርጀሩ የመንገድ ነው። የራሱ ተበላሸ።

ጠጋኙ | ኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

በቃ ተገኘ።

እታለም_ሐይቅ | ሐይቅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡11

ሱቁም እናትህም በግማሽ ልክ ናቸው እኮ። ሌሊት ነው፣ ቪዲዮም ነው፣ ግን ዋናው ትራሱ ነው። ስልክ ሲሰካ ይሞቃል፣ ያ ያለ ነው። ሙቀቱ መውጫ ካጣ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ደግሞ ለባትሪው ብቻ አይደለም የምልህ። ትራስ የጥጥ ነው፣ ጭንቅላትህ ያለው እላዩ ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከቨሩን አውልቀህ መሬት ላይ ወይ ጠረጴዛ ላይ አድርገው። አላርሙ ከሩቅ ሲጮህ ተነስተህ ለማጥፋት መሄድ ስላለብህ ሥራም አይረፍድብህም።

ጋሼ_ኢሱዙ | መንገድ ላይ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጆች፣ ሙቀት ካነሳችሁ እኔን ጠይቁ። የኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ መስመር ሹፌር ነኝ። በዚህ መንገድ ሁለት ስልክ ቀብሬያለሁ።

ስልኩን የፊት መስታወት ላይ ለጥፌ፣ ካርታ ከፍቼ፣ ከመኪናው ሰክቼ ነበር የምነዳው። ከባቲ ወርደህ ወደ አፋር ሜዳ ስትወጣ ፀሐዩ በመስታወቱ በኩል ፊት ለፊት ይመጣል። ስልኩ «ሞቄያለሁ» ብሎ ቻርጅ ያቆማል። እኔ ደግሞ የተበላሸ እየመሰለኝ እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ። ለካ ስልኩ ነው ልክ የነበረው። አሁን ከታች፣ ጥላ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ነፋስ በሚያገኝበት ነው የማስቀምጠው። ሻይ ልጠጣ ስወርድ መኪና ውስጥ አልተወውም።

ሞቆ ካገኛችሁት ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ አትክተቱ። ረዳቴ ከለስላሳው ጎን አስቀምጦት ውስጡ ላብ ያዘ፣ ስክሪኑ ሄደ። ከቨሩን አውጥቶ ጥላ ላይ መተው ይበቃል።

ቴክ_በአማርኛ | ደሴ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡45

ነገሩን አታወሳስቡት። ሕጉ አንድ ነው፦ ከ20 አትውረድ፣ ከ80 አትውጣ። አይፎን 15 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት 80 ላይ እንዲቆሙ ማዘዝ ይቻላል። ሳምሰንግም ባትሪ ሴቲንግ ውስጥ አለው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከ80 አላለፍኩም። ባትሪዬ አዲስ ነው። አለቀ።

ውጫሌ_ነኝ | ውጫሌ አካባቢ ገጠር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ወንድሜ፣ ሕጉ የወጣው ለማን ነው? እኔ ያለሁበት መስመር አልደረሰም። ወይ በሶላር እሞላለሁ፣ ወይ ገበያ ቀን ቻርጅ ቤት ከፍዬ አስሞላለሁ። ሌላ ገበያ እስኪደርስ ሳምንት ነው። 80 ላይ ነቅዬ 20ውን ለማን ልተውለት? ለቅሶ የሚነገረኝ በዚህ ስልክ ነው። ሴት ልጄ ምጥ ቢይዛት አምቡላንስ የምጠራው በዚህ ስልክ ነው።

ቴክ_በአማርኛ | ደሴ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡41

ተው እንጂ፣ እኔ ስለ ባትሪ ነው ያወራሁት። 100 ከሞላህ ያረጃል፣ ይህ ሳይንስ ነው።

እታለም_ሐይቅ | ሐይቅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

ሳይንሱን ማን ካደ? ግን ባትሪውን ለመቆጠብ ብሎ ስልኩ ተዘግቶበት መዋል ምን ይሉታል? 80 ላይ ማቆም ሶኬት ከጎኑ ለሆነ ሰው ጥሩ ነው። ቢሮ የምትውል ከሆነ አድርገው። አያ ውጫሌ ግን እስከ 100 ይሙሉት። ሲሞላ ቶሎ ነቅለው ይዘውት ይሂዱ እንጂ እዚያው ተሰክቶ ፀሐይ ላይ አይዋል።

ጠጋኙ | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡20

እታለም ጨርሳዋለች። እኔ ቁጥሩን ልጨምር።

ባትሪ የሚቆጠረው በዙር ነው። ዙር ማለት ስንት ጊዜ ሰካህ አይደለም። ዛሬ 50 ተጠቅመህ ሞላህ፣ ነገም 50 ተጠቅመህ ሞላህ፣ ሁለቱ ተደምሮ አንድ ዙር ነው። ስለዚህ መብራት ባለ ቁጥር ትንሽ ትንሽ መሰካት ጉዳት የለውም፣ ይሻላልም። አፕል እስከ አይፎን 14 ድረስ ያሉት ከ500 ዙር በኋላ 80 በመቶ እንዲይዙ ነው የሠራቸው፣ ከ15 ጀምሮ 1,000 ብሏል። አውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ ስልክ ቢያንስ 800 ዙር እንዲዘልቅ ደንግጓል። በቀን አንድ ዙር የሚጨርስ ሰው 500ውን በአንድ ዓመት ከአራት ወር ተኩል ይደርሳል። የጦሳ ልጅ፣ ያንተ ስልክ ዕድሜው ስንት አልክ? በቀን አንድ ዙር የምትጨርስ ከነበርክ፣ ትራሱ ባይኖርም መድከሚያው ቀርቦ ነበር ማለት ነው።

አያ ውጫሌ፣ ሶላሩን እንዴት ነው የሚሰኩት?

ውጫሌ_ነኝ | ውጫሌ አካባቢ ገጠር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

ፓኔሉን ቆርቆሮው ላይ እሰቅለዋለሁ። ገመዱ አጭር ነው። ስልኩም እዚያው ቆርቆሮው ላይ ከጎኑ ይቀመጣል። ደመና ሲመጣ ይቋረጣል፣ ሲገለጥ ይቀጥላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ ስለሌለ ውጭ ማዋሉ ይሻለኛል። ባትሪው ግን ቁጭ ብሎም ያልቃል፣ ሳልነካው።

ጠጋኙ | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ፓኔሉ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ስልኩ ጥላ ይፈልጋል። ቆርቆሮ ላይ ማስቀመጥ ምጣድ ላይ ማስቀመጥ ነው። ረዘም ያለ ገመድ ይግዙ፣ ወፈር ያለ ይሁን፣ ቀጭኑ ኃይል ይበላል። ከሁሉ የሚሻለው ቀን ፓወር ባንክ መሙላት፣ ማታ ከፓወር ባንኩ ወደ ስልኩ ማዞር ነው። ደመናው ሲመጣ ሲሄድ የሚቋረጥበት ፓወር ባንኩ ይሆናል፣ ስልክዎ ያርፋል።

ቁጭ ብሎ የሚያልቀው ኔትወርክ ፍለጋ ነው። ኔትወርክ ደከም ሲል ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል፣ ሲጣራ ባትሪ ይጨርሳል። ጨርሶ በሌለበት ሰዓት ኤርፕሌን ሞድ ያድርጉት። ዳታ ካልተጠቀሙበት ይዝጉት።

ደጋው_ደላንታ | ደላንታ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሁላችሁም ሙቀት ሙቀት ትላላችሁ። እኛ ጋ ደግሞ ጠዋት ውርጭ ነው። ስልኬ ከቤት ስወጣ 30 ብሎ፣ ማሳው ላይ ስደርስ ይዘጋል። ፀሐይ ወጥቶ ስከፍተው 25 ይላል። ጂን አለበት እንዴ?

መምህሩ | ወልድያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡35

ጂን የለበትም። ብርድ ውስጥ ሊቲየሙ እግሩ ይከብዳል፣ ባትሪው ኃይሉ እያለው ማውጣት ያቅተዋል። ሲሞቅ ይመለሳል። ያረጀ ባትሪ ላይ ይብሳል። ጋቢው ስር፣ ደረት ኪስ ውስጥ ያዘው። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ግን አትሰካው፣ ያ እውነተኛ ጉዳት ነው። ቤት ገብቶ ይሙቅ፣ ከዚያ ይሰካ።

ስለ ማስቀመጥም አንድ ነገር ልበል። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ እዚህ መብራት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ሁለተኛ ስልኬን ባዶውን ሳጥን ውስጥ ጥዬው ቆየሁ። መብራት ሲመጣ ብሰካው፣ ብሰካው አልነሳ አለ። ባትሪ ሥራ ፈትቶም ቀስ እያለ ይወርዳል። ዜሮ ላይ ከተተወ ደግሞ ከሚመለስበት በታች ይሄዳል። የማትጠቀሙበትን ስልክ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጡ። በየስድስት ወሩ እያያችሁ ግማሽ መልሱት።

የጦሳ_ልጅ | ደሴ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሰዎች፣ እናንተን ሰምቼ ዛሬ ከቨሩን አወጣሁት። የስልኩ ጀርባ በአንድ ጎን ተነስቷል። ጥፍሬ ይገባበታል። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ፎቶውን አያይዣለሁ። ከቨሩ ስለሸፈነው ነው ሳላየው የከረምኩት። 62 ላይ ነው፣ እየሠራ ነው። ምን ላድርግ? ጫን ብዬ ልክደነው?

ባቲ_ሰኞ | ባቲ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡19

አብሽር። ባትሪውን አውጣና ትንሽ ፀሐይ ላይ አስጣው። አባቴ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክምበት እንደዛ ነበር የሚያደርገው፣ ሬዲዮው ይናገር ነበር።

ጠጋኙ | ኮምቦልቻ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡21

አታስጣው!! አትጫነው!! አትስካው!!

የጦሳ ልጅ፣ አሁኑኑ አጥፋው። ባትሪው አብጧል። መምህሩ የነገረህ ፈሳሽ ተበላሽቶ ጋዝ ሆኗል፣ ጋዙ ነው ጀርባውን የገፋው። ብትጫነው ወይ በቢላ ልትከፍት ብትሞክር ውስጡ ይነካካና በእሳት ይነሳል። በመርፌ ጋዙን እናስወጣ የሚሉ አሉ፣ እንዳትሰማቸው። ከትራስ፣ ከመጋረጃ፣ ከልጆች አርቀህ ሲሚንቶ ላይ ወይ ብረት ሳህን ላይ አስቀምጠው። ወደ ጥገና ስትወስደውም ሱሪ ኪስ ውስጥ እንዳትከተው፣ ስትቀመጥ ይታጠፋል።

መምህሩ | ወልድያ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ባቲ ሰኞ፣ የአባትህ ዘዴ ለድንጋዩ ይሠራ ነበር፣ እኛም ቤት ነበር። ደረቅ ድንጋይ ሲሞቅ የቀረችው ኬሚካል ትንሽ ትፈጥናለች፣ ሬዲዮውም ዜናውን ይጨርሳል። ሊቲየም ላይ ግን ያው ፀሐይ እሳት ጫሪ ነው።

ባቲ_ሰኞ | ባቲ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡52

አውፍ በሉኝ ጀመዓ። ከእንግዲህ ምክር የምሰጠው ስለ ግመል ዋጋ ብቻ ነው።

ጋሼ_ኢሱዙ | መንገድ ላይ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡10

😂 እሱንም ሰኞ መጥተን እናየዋለን።

የጦሳ_ልጅ | ደሴ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

አልሐምዱሊላህ፣ ባትሪው ተቀየረ። እዚሁ ደሴ ነው ያስቀየርኩት። ባትሪው የተሠራበትን ቀን አይቼ፣ ክብደቱንም ከድሮው ጋር አመዛዝኜ ነው የገዛሁት። ቀለል ያለ ሌላ ባትሪም አሳይተውኝ ነበር፣ ላዩ ላይ 6,000 ይላል። በመጠን ያው ሆኖ፣ ቀሎ፣ እንዴት 6,000? ተውኩት።

አሁን ቀን 9 ሰዓት ላይ 58 ነበር። ማታ ጠረጴዛ ላይ ነው የምሰካው፣ ያለ ከቨር።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ገፍቶ ነው የሚመጣው፣ አምፖሉ ራሱ ይጮኻል። ስታቢላይዘር ልግዛ? ሁለተኛ፣ 10,000 የሚል ፓወር ባንክ አለኝ። ስልኬ 5,000 ነው። ሁለቴ መሙላት ሲገባው አንዴ ከግማሽ ላይ ያልቃል። ተሸወድኩ?

ጠጋኙ | ኮምቦልቻ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡15

አልተሸወድክም። ፓወር ባንኩ ውስጥ ያለው 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት ነው፣ ስታባዛው 37,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ ማለትም 37 ዋት ሰዓት ይሆናል። ወደ ስልኩ ሲያወጣ ግን ቮልቱን ወደ 5 ከፍ አድርጎ ነው፣ እዚያ ላይ ይሞቃል፣ ይባክናል። የስልክህ ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንዴ ከግማሽ ካገኘህ ጥሩ ፓወር ባንክ ነው፣ ያዘው። አውሮፕላን ስትሳፈር ደግሞ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ለስልክ ብለህ ስታቢላይዘር አትግዛ። ደህና ቻርጀር ላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ መብራቱ ቢደክምም ይሠራል። የሚገድለው የመጀመሪያው ግፊት ነው። መብራት ሲሄድ ንቀል። ሲመጣ የቡናው አቦል እስኪወርድ ቆይተህ ስካ። የመንገዱን ቻርጀር ግን ጣለው። ግፊት ሲመጣ ኃይሉን አግዶ የሚይዝ ነገር ውስጡ የለም። ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ባዶ ቤት ነው።

እታለም_ሐይቅ | ሐይቅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡31

ያበጠው ባትሪስ የት ሄደ? ቤትህ ይዘኸው ገባህ እንዳትለኝ።

የጦሳ_ልጅ | ደሴ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡38

ኧረ ጥገና ቤቱ ተቀበለኝ። በር ላይ አሸዋ የሞላ የዘይት ቆርቆሮ አላቸው። ሰውየው በሁለት ጣቱ ይዞ፣ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስገባው። ስቆጥር ውስጡ ሰባት አለ።